ደረሰኝ የሌለው ወጪ
ስለ ሲጋራ ዋጋና ስለ መተው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ሲጋራ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለሐኪም እንጂ ለሒሳብ ሰው የሚሰጥ አይደለም የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ተሰምቶ ነበር። በእርግጥም ትምባሆ በሳንባ፣ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሐኪሞች ከእኔ ይልቅ አሟልተው ሊያስረዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሐኪሙ አጫሹን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከታመመ በኋላ ነው። እኛ ግን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረነው የምንውለው ገና ጤነኛ ሳለ፣ ደመወዙን ተቀብሎ ወር ሳይሞላው ብድር በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ስለሆነም ሙያችን በዚህ ረገድ የሚናገረው ነገር አለው።

ዛሬ የማስረዳው ፍሬ ነገር አጭር ነው። አጫሽ ሰው የሲጋራን ዋጋ በየቀኑ ይከፍላል፤ የከፈለውን ግን ጽፎ አያውቅም። ያልተጻፈ ወጪ ደግሞ አይቈጠርም፣ አይቈጭም፣ አይቀነስም። ወጪው አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ከታየ በኋላ ግን ለመተው የሚያነሣሣ ብርቱ ምክንያት ይሆናል።

ወጪው ስለ ምን አይታይም?

በአገራችን ሲጋራ በፓኮ ብቻ ሳይሆን በፍሬም ይገዛል። ሱቅ በደረቴ ከማስቲካና ከሶፍት ጎን ደርድሮ ይዞረዋል፤ የሰፈር ባለሱቅም ፓኮውን ፈትቶ ይቸረችረዋል። ገዢው ከኪሱ ዝርዝር ያወጣል፣ አንድ ፍሬ ይቀበላል፣ ከሻጩ ክብሪት ተውሶ ይለኩሳል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የተገዛው ዕቃ ዐመድ ሆኖ ይቀራል። ጤፍ የገዛ ሰው ጆንያው በቤቱ ይታያል፤ ጫማ የገዛ ሰው ጫማው በእግሩ ይታያል። የሲጋራ ወጪ ግን ደረሰኝም የለው፣ ምስክርም የለው።

እኛ በሙያችን እንደምናውቀው፣ ትልቅ ወጪ ጨረታ ይወጣበታል፣ ፊርማ ይፈረምበታል፣ ኦዲተር ያየዋል። ሳይታይ የሚያመልጠው በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ጥቃቅን ወጪ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ለበጎ ነገር እንደሚሠራ ሁሉ ለክፉም ይሠራል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የሲጋራ ዋጋ እንደ ዓይነቱና እንደ ጊዜው የሚለያይ ስለሆነ፣ ለአሠራር እንዲመቸን የአንዱን ፍሬ ዋጋ 10 ብር ብለን እንያዝ፤ ሁሉም ሰው በሚገዛበት ዋጋ ሊተካው ይችላል። በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በቀን 100 ብር፣ በ30 ቀን 3,000 ብር፣ በዓመት 36,500 ብር ያወጣል። በ10 ዓመት 365,000 ብር ይሆናል። ይህንኑ ገንዘብ በየዓመቱ መጨረሻ በ7 ከመቶ ወለድ ቢያስቀምጠው ኖሮ ከ10 ዓመት በኋላ 504,300 ብር ያህል፣ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ 1,496,000 ብር ያህል ያገኝ ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ከኪሱ የሚያወጣው 730,000 ብር ሲሆን የቀረው ወለድ ነው።

ከመካከላችሁ «የዋጋ ንረት ይህን ቁጠባ ይበላዋል» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ተቃውሞው ትክክል ነው። ነገር ግን ንረቱ ቁጠባውን ሲበላ የሲጋራውንም ዋጋ አብሮ ያንረዋል፤ አጫሹም በየጊዜው የሚጨምረውን ዋጋ ያለ ክርክር ይከፍላል። የቤት ኪራይ ሲጨምር ከአከራዩ ጋር ይሟገታል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር የወላጆች ስብሰባ ይጠራል፤ በሲጋራ ዋጋ ላይ ግን የተሟገተ አጫሽ አላየሁም። ይህ ዝምታው ራሱ የሱስ ምልክት ነው።

በአገራችን የዕቁብን ሥርዓት የማያውቅ የለም። ሰው ከዕለት ገቢው እየቀነሰ ይጥላል፤ ቀኑ ሲደርስ ዕጣ ወጥቶለት ቤቱን ያድስበታል፣ በሬ ይገዛበታል፣ ልጁን ይድርበታል። ሲጋራም በአጣጣሉ ዕቁብን ይመስላል፤ በየቀኑ ሳያሰልሱ የሚጥሉበት፣ መቅረት የማይፈቀድበት ዕቁብ ነው። ልዩነቱ ለጣዩ ዕጣ የማይወጣለት መሆኑ ነው።

አብረው የሚመጡ ወጪዎች

የሲጋራ ዋጋ በፍሬው ዋጋ አያበቃም። ክብሪት ወይም ላይተር አለ፤ የአፍ ጠረን ለመሸፈን የሚገዛ ማስቲካ አለ፤ ለማጨስ ሲባል ብቻ የሚታዘዝ ቡና ወይም ቢራ አለ፤ በብልጭታ የተበሳ ኮትና የተቃጠለ የጠረጴዛ ልብስ አለ። ለባልንጀራ የሚጋበዘውም ፍሬ ከዚሁ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጡ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ስለዚህ ሕግ የሚያከብር አጫሽ ለእያንዳንዱ ፍሬ ከወንበሩ መነሣት፣ ደረጃ መውረድ፣ ደጅ መቆም፣ ከዚያም መመለስ አለበት። ይህ ሁሉ 7 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከ10ሩ ፍሬ 5ቱ በሥራ ሰዓት የሚጨሱ ከሆነ በቀን 35 ደቂቃ ይሆናል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንቈጥር በዓመት 154 ሰዓት፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈልም ከ19 ቀን በላይ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከተፈቀደለት የዓመት ዕረፍት የሚበልጥ ጊዜ ደጅ ቆሞ ያሳልፋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከልጆቹ ጋር አልዋለም፣ ዘመድ አልጠየቀም፣ አላረፈም፤ ሥራውም አልተሠራለትም።

በብር የማይተመን ወጪም አለ። በእኛ ባህል ሰው በአባቱና በሽማግሌ ፊት አያጨስም። ዐርባ ዓመት የሞላው፣ የክፍል ኃላፊ የሆነ፣ በብዙ ሚሊዮን ብር የሚቈጠር ሒሳብ በፊርማው የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ አባቱ ድንገት ብቅ ሲሉ ሲጋራውን በጫማው ረግጦ ጭሱን በእጁ ሲበትን እናያለን። ልጁ ሮጣ ስታቅፈው ከትንፋሹ ፊቷን ዘወር ታደርጋለች። የባለቤቱ ምግብ ጣዕም በአፉ ላይ ይደበዝዛል። ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ከሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የደረጃውን ድጋፍ ይዞ ይቆማል። ረጅም ስብሰባ፣ ረጅም መንገድ፣ ረጅም ለቅሶ ሁሉ «መቼ ወጥቼ ላጭስ» በሚል ሐሳብ ይከፋፈልበታል። እነዚህን በየትኛው የሒሳብ ርእስ ሥር እንደምንመዘግባቸው አላውቅም፤ ወጪ መሆናቸውን ግን እናንተም አትክዱም።

በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዓመታዊ ወጪ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሀብትና ዕዳ መግለጫው እንለፍ፤ ምክንያቱም አጫሽ በየዓመቱ የሚያድግ፣ ነገር ግን የመክፈያ ቀኑ ያልተጻፈ ዕዳ አለበት።

ስለዚህ ዕዳ በጣም የታወቀው ማስረጃ የተገኘው ከባለሙያዎች ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉት ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ለአገራቸው ሐኪሞች መጠይቅ ልከው ስለ ማጨስ ልማዳቸው ጠየቁ፤ መልስ የሰጡትንም በየጊዜው መከታተል ጀመሩ። የ50 ዓመቱ ክትትል ውጤት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ ሲወጣ፣ ማጨሳቸውን ያላቋረጡት ወንዶች ሐኪሞች ካላጨሱት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው መሞታቸው ተረጋገጠ። ዶል ራሱ አጫሽ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርምሩ ውጤት ሲገለጥለት ማጨስ ተወ። ቍጥሩን አምኖ በቍጥሩ የተመራ ሰው ነበረና ለእኛ ሙያ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የዚያ ጥናት ሌላው ግኝት ግን ከሞቱ ዜና ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። በ60 ዓመት ዕድሜው ማጨስ የተወ ሰው 3 ዓመት ያህል፣ በ50 የተወ 6 ዓመት ያህል፣ በ40 የተወ 9 ዓመት ያህል፣ በ30 የተወ 10ሩንም ዓመት ያህል መልሶ ያገኛል። በሌላ አነጋገር ዕዳው ሊሰረዝ የሚችል ዕዳ ነው፤ የሚሰረዘውም መጠን በየዓመቱ ይቀንሳል። ይህን ያህል ተመላሽ የሚሰጥ ቦንድ በየትኛው ባንክ እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

ዕዳው የሚከፈለው በአጫሹ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ያህሉ ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ሰው ጭስ የተነፈሱ ናቸው። የቤት አባወራ በካንሰር ወይም በልብ ሕመም ሲወድቅ ቤተሰቡ ያጠራቀመውን ያወጣል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ከብት ይሸጣል፣ ልጅም ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ይፈልጋል። ዕድር የሚደርሰው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ረጅም የሕመም ጊዜ የሚሸከመው ቤቱ ነው።

ሒሳቡን አስቀድሞ የሠራው ማን ነው?

አጫሹ ሒሳቡን ባይሠራም የሠራለት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ የብሔራዊ የትምባሆ ድርጅታችንን 40 ከመቶ አክሲዮን በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። በሚቀጥለው ዓመትም ተጨማሪ 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ድርሻውን ወደ 70.95 ከመቶ አደረሰ። ይህ በሕግ የተፈጸመ ሽያጭ ነው፤ ገዢውን ለመውቀስ አላነሣሁትም። እንደ ሒሳብ ባለሙያ ግን ትርጕሙን ልናስተውለው ይገባናል።

ሁላችንም እንደምናውቀው የአክሲዮን ዋጋ ወደፊት የሚጠበቀው ገቢ ዛሬ ያለው ግምት ነው። በዚያው በ2016 በአገራችን በተደረገው የዐዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት፣ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከዐዋቂዎች 5 ከመቶ፣ ከወንዶች 8.1 ከመቶ፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ ነበሩ። አብዛኛው ወገናችን አያጨስም፤ ይህም ልንጠብቀው የሚገባ የአገር ሀብት ነው። ታዲያ 944 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ለምንድን ነው? ለማሽኑና ለሕንፃው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን የሒሳብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከተገዛው ነገር ዋነኛው የነገው አጫሽ ልማድ፣ ማለትም ወደፊት በየቀኑ ከየኪሱ የሚወጣው ያ ዝርዝር ገንዘብ ነው። በቀን 100 ብር ለአጫሹ ትንሽ ገንዘብ ይመስለዋል፤ ለሚደምረው ግን ትንሽ አይደለም።

«መንግሥት ግብር ያገኝበታል» የሚል ክርክርም ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ 30 ከመቶና በፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። ግብሩ መጣሉ ተገቢ ነው፤ ዋጋውን ከፍ በማድረግ ወጣቱን ያርቃልና። ነገር ግን ሕመሙም ወጪ አለው። በዓለም ዙሪያ ማጨስ በሕክምናና በጠፋ የሥራ ጉልበት ያስከተለው ኪሣራ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ 1,436 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ዓመታዊ ምርት 1.8 ከመቶ ያህል እንደ ነበረ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የገቢውን ዓምድ ብቻ እያነበበ የወጪውን ዓምድ የሚሸፍን መግለጫ ቢቀርብላችሁ ኖሮ አትፈርሙበትም ነበር።

«ጭንቀቴን ያበርድልኛል» ስለሚባለው

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ሒሳብ ብቻውን ሱስን አያሸንፍም። ኒኮቲን ከጭሱ ጋር በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ሲወርድ መቁነጥነጥ፣ ንዴትና ሐሳብ አለመሰብሰብ ይመጣል፤ አዲሱ ሲጋራ ይህን ሲያነሣለት አጫሹ ተረጋጋሁ ይላል። ያረጋጋው ግን ያለፈው ሲጋራ ራሱ ካመጣበት ጭንቀት ነው። ይህም አራጣ አበዳሪ የቀደመውን ብድር እንዲከፍልበት አዲስ ብድር እንደሚሰጠው ዓይነት ነው፤ ተበዳሪው በዚያች ቀን እፎይ ይላል፣ ዕዳው ግን ይቀጥላል።

ስለሆነም ማጨስ መተው ያቃተውን ባልደረባ ደካማ ብለን ልንንቀው አይገባም። ሊረዳ የሚችለው ቅርብና ተጨባጭ ምክንያት ሲያገኝ ነው። የሳንባ ካንሰር ለሠላሳ ዓመት ወጣት ሩቅ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ግን ቅርብ ነው።

ከሒሳብ ወደ ውሳኔ

ገንዘብ ለመተው ምን ያህል እንደሚያግዝ በተግባር ተፈትኗል። በፊሊፒንስ በሚንዳናዎ ደሴት አንድ ባንክ ለአጫሾች ልዩ የቁጠባ ደብተር አቀረበ። አጫሹ ለ6 ወር ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ በመጨረሻ በሽንት ምርመራ ከኒኮቲን ነፃ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ካልሆነ ግን ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት ደብተሩን የተቀበሉት ከተጠየቁት 11 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ዕድሉ ከቀረበላቸው መካከል የተዉት ሰዎች ካልቀረበላቸው በ3 ከመቶ ነጥብ ያህል በልጠው ተገኙ፤ ከዓመት በኋላ ሳይነገራቸው በተደረገ ምርመራም ልዩነቱ አልጠፋም። ቍጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሱስን በመሰለ ብርቱ ነገር ላይ በቁጠባ ደብተር ብቻ የተገኘ ነውና የሚናቅ አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ለሚያጨሱ ባልደረቦቼ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይቀንሱ ያጨሱትን ሁሉ ይጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ ከማን ጋር እንደ ነበሩም ጭምር። በሳምንቱ መጨረሻ ይደምሩና በወር ደመወዝዎ ያካፍሉት። ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ያገኛል፤ ከዚህም ሌላ የትኛው ሰዓትና የትኛው ቦታ እንደሚያስቸግረው ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የሚተርፈውን ገንዘብ አስቀድመው በስም ይመድቡት። «ይተርፈኛል» የተባለ ገንዘብ አይተርፍም፤ ርእስ የሌለው በጀት በማንኛውም ቀዳዳ ይፈስሳልና። «የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ»፣ «የእናቴ የዓይን ሕክምና»፣ «የጣራው ቆርቆሮ» ብለው ይጻፉበት። ገንዘቡንም በየማታው ወደዚያው ያስገቡ።

ሦስተኛ፣ የሚያቆሙበትን ቀን ወስነው ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ ይንገሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ነው፤ አብዛኛው ሥቃይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መጨረሻ የሌለው መከራ ውስጥ የገባ አይመስለውም። ኒኮቲንን የሚተኩ ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ በ2021 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ስለዚህ ሐኪም ማማከር ጠቃሚ ነው።

አራተኛ፣ ተሳስተው አንድ ፍሬ ቢያጨሱ መዝገቡን አይዝጉት። አንድ የተሳሳተ መስመር የገባበትን መዝገብ የሚቀድ ሒሳብ ሠራተኛ የለም፤ ያስተካክለውና ሥራውን ይቀጥላል። ማጨስን ፈጽመው የተዉ ብዙ ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረው ነው የተዉት።

የማኅበራችን ድርሻ

በመጨረሻ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚንዳናዎ ባንክ የሠራውን ለመሥራት እኛ ባንክ አያስፈልገንም፤ ዕቁብ አለን። ማጨስ ለመተው የቈረጡ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው አነስተኛ ዕቁብ ያቋቁሙ፤ የዕጣውም መጠን ቀድሞ ለሲጋራ ያወጡት በነበረው ልክ ይሁን። የማያጨሱትም አብረዋቸው ይጣሉ። ዕቁብተኛ ባልደረባውን በየሳምንቱ ያየዋል፣ ይጠይቀዋል፣ ያፍርበታልም፤ ይህን ዓይነት ቍጥጥር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ሕዝባችን ያውቀዋል። ዕጣው ሲወጣም ገንዘቡ በስሙ ለተመደበለት ጉዳይ ይዋል። ኮሚቴው ሐሳቡን ከተቀበለው አሠራሩን የሚወስን አጭር ደንብ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ሥራችን የሌሎችን ሒሳብ መመርመር ነው። የድርጅትን ሣንቲም ከጉድለት ለማዳን ሌሊት የምናመሽ ሰዎች ነን። የራሳችንና የባልንጀራችን ቤት ገንዘብ፣ ጊዜና ዕድሜ በጭስ ሲያልቅ ዝም ብለን ማየት ለሙያችን አይስማማውም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በደጅ የሚቆም ባልደረባ ቢኖር በተግሣጽ አትቅረቡት። ወረቀትና እርሳስ ስጡትና ራሱ ይደምረው።